ወፌ ቆመች

ሐምሌ ነበር፤ አዌቱ ሞልቶ ሌሊቱን ሲያጓራ፣
ዝናቡ በቆርቆሮ ላይ ጠጠር እየበተነ ሲያወራ።
ከአናጢዎቹ ክፍል ደጅ፣ ባርጩማ ከምንጠርብበት፣
የረጠበውን ፍቅፋቂ አየሁት፣ ሕይወት ሲላወስበት።

የዋኔ ጫጩት ነበረች።
ላባ ያልለበሰ ገላ፣ ዓይኗ በወጉ ያልተገለጠ፣
ጎጆዋ ከነልጅነቷ በነፋስ የተገለበጠ።
«ራያ፣ ምሳህ መጣልህ!» አለኝ ሸረፋ እየሳቀ።
እኔ ግን እጄን አየሁት፤ ተዘርግቶ ተጨነቀ።

ይህ እጅ፣
የመዝገብ ቁጥር ያለው እጅ፣
በሰቃ፣ በቡና ማሳ፣ ከእሾህ አጥራችን ደጅ፣
ክንድ ለማትሞላ መሬት፣ ለአንዲት የድንበር ድንጋይ፣
ነዚፍን ያህል ጎረቤት
ገጀራ አንስቶ የጣለ፣ በጠራራ የቀን ፀሐይ።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት
ከእንጨት በቀር ነፍስ ያለው አልያዘም።
እንጨት ቢይዙት አይሞትም።

ዳቦዬን አላምጬ በስንጥር ጫፍ አጎረስኳት፤
ሌሊት በሹራብ ኮፍያዬ፣ በብብቴ ሥር አሞቅኳት።
ፍተሻ ገባ። ሃምሳ አለቃ ጉደታ ፍራሼን ገልብጦ፣
ኮፍያዋን በሁለት ጣት አነሳት፣ ዓይኑን አፍጥጦ።
«ይቺ ደግሞ በምን ወንጀል ገባች? ስንት ዓመት ተፈረደባት?»
ብሎ ቆመ፤
ቆመና ቆመና፣ መልሶ በቀስታ አስተኛት።

በአሥረኛው ቀን ገደማ፣ በባርጩማው ጠርዝ ላይ ሆና፣
እግሯን አንፈራጣ፣ ተንገዳግዳ፣ ወድቃ፣ ተነሥታ እንደገና፣
አንደበቴ ሳላዘው «ወፌ ቆመች!» አለ በድንገት።
«ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!»
ክፍሉ ሁሉ ተቀበለኝ፤ ነፍሰ ገዳዩ፣ ሌባው፣ ሽፍታው፣
እንደ አክስት፣ እንደ አያት እያጨበጨበ።
አባ ጊዲ ብቻ ዝም አሉ።
«እኛ በወጣትነታችን» አሉ ቆይተው፣
«የምናውቀው ወፌ ላላን ነው፤
በእንጨት ተንጠልጥለን፣ ውስጥ እግራችን እየተገረፈ።
ለካ መቆምም ታውቃለች፣ ወፍ።»

እኔ ግን ልጄን አሰብኩ።
ሐያት ስትቆም አላየሁም፤ እዚሁ ነበርኩ ያኔ።
ሰባት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ
ተቀርቅሮ የኖረው ቃል፣ የወጣው ለአንዲት ዋኔ።

በጳጉሜን፣ በጥየቃ ቀን፣ ስሜ ተጠራ ከበር።
አዴ ዚነት። የነዚፍ እናት።
ሽማግሌ ሳያስቀድሙ፣ የጉማ ነገር ሳያነሡ፣
ብቻቸውን፣ የጭቃ ጫማቸውን ሳያብሱ።
ወፏ ትከሻዬ ላይ ነበረች።
«እስኪ እጅህን» አሉኝ።
ዘረጋሁት። ወርዳ መዳፌ ላይ ቆመች።
«አትፈራህም?»
«አትፈራኝም፣ አዴ።»
«እኔ እፈራሃለሁ።»

ከሻሻቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው አንድ ጭብጥ ዘንጋዳ
በተኑ። እጄ ላይ አይደለም፤
በእሳቸውና በእኔ መሃል፣ በሽቦው ሥር፣ በባዳ
መሬት ላይ።
ይቅር አላሉኝም። ሄዱ።
ወፏ ግን ወርዳ ለቀመች፤ ግማሹን በልታ፣ ግማሹን በተነች።

በመስከረም ክንፏ ጠና፤
በጅሬን በኩል፣ ጉም ሲገለጥ፣ አንድ ጊዜ ዞራ በረረች።
ጠዋት ጣሪያውን አየሁ፤ ወፍ የለም።
ማታም አየሁ፤ ወፍ የለም።
ሸረፋ እንኳ አልሳቀም።

በጥቅምት ዘቡ ሣር ሊያጭድ ማጭድ ይዞ ቢመጣ፣
ከሽቦው ሥር ዘንጋዳ በቅሏል፤ ጉልበት ደርሷል።
«ማነው የዘራው?» አለኝ።
«ወፍ ዘራሽ ነው» አልኩት። «ተወው።»
ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ጥቂት አሰበና፣ አለፈው።

ግማሹ በእስረኛ በኩል፣ ግማሹ በጠያቂ በኩል፤
እሁድ እሁድ እየሄድኩ አየዋለሁ።
ድንበሩን ማንም አልለካም።