ድቡልቡል ድንጋይ

ጣና ሸሸት ብሏል፤ ሚያዝያ ነው ወሩ፣
ጭቃው ተሰነጣጥቋል ጉማራ ዳር ዳሩ።
አራት ሰው፣ አንድ መዶሻ፣ ምሳችን የደረቀ ቂጣ፣
ለድንጋዩ መጠቅለያ ያለፈው ሳምንት ጋዜጣ።

አንጓች ድቡልቡሉን እንደ ሐብሐብ ታንኳኳለች፣ ታዳምጣለች፣
«ባዶ ነው» ብላ ወደ ውሃው ትጥላለች።
ሞላልኝ ጆንያው ሞላ፤ ሁሉም ተራ ጥቁር ድንጋይ፣
ያም ሆኖ ይሸከመዋል፣ ምናልባት ቢወጣው ሲሳይ።

ፀሐይ ስትበረታ ይርሳው አንዷን መታት፣
እንደ ለውዝ ገለባ ለሁለት ከፈታት።

ቅጠል።
ጅማቱ ሳይደበዝዝ፣ ትል የቀመሰው ጠርዙ፤
ስንት ዘመን ይሆን በጨለማ መያዙ!

ዝም አልን።

ታላቁ ሲሞትባት ነው እናቱ «ይርሳው» ያለችው።
ጋዜጣው ቢያንስበት በሸሚዙ ጠቀለለው፤
እስከ ባሕር ዳር ድረስ ማንንም አላስነካው።