እንዳይጓጉል

ኢሎኢሎ ላይ ዝናብ፣ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣
ክሪሳንታ ጀመረች፣ ስታርች መበጥበጥ፤
የበቆሎ ፍሬ ልብ፣ ከወተት የነጣ፣
በጣት ሲቆነጥሩት፣ ሲጥ ብሎ የሚቆጣ።

«ፍል ውሃ ካየማ፣ ይጓጉላል» ባይ ነበረች እናቷ፤
«ቀዝቃዛው ይቅደመው፣ እሳት አያመልጥም» — ይህ ነበር ትምህርቷ።

በአባት ቀብር ማግሥት፣ ለሩዝ ማሳ ድንበር፣
በእህቷ በሉርዲታ ላይ፣ የፈላ ቃል ደፍታ ነበር፤
ሦስት ዓመት ጓጎለ፣ ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ፣
በማንኪያ አልተደፈጠጠ፣ አልጠራ ወንፊት ገብቶ።

የኮኮናት ወተት፣ ዳር ዳሩን ሲነሣ፣
ቀስ አርጋ ጨመረች፣ ማማሰሉን ሳትረሳ፤
ድንገት እጇ ከበዳት። ውሃ የነበረው ረጋ።

በሙዝ ቅጠል ከድና፣ ጭቃውን ተሻግራ፣
ሁለት ቤት እልፍ ብላ፣ የእህቷን በር ቆርቁራ፣
«ጣሪያሽ ያፈሳል ወይ?» አለቻት በቀስታ፣
ቀዝቃዛውን አስቀድማ፣ ትኩሱን ለኋላ ትታ።