ሞጆ ላይ ሰሃን

ከአሮጌው ጣቢያ ጀርባ፣ ነፋስ ቆርቆሮ በሚያንኳኳበት፣
ከዲፖው መካኒክ፣ ከጋሽ ዋቅቶላ ቤት፣
አሥራ አራት ሎኮሞቲቭ ቡፌው ላይ ቆመዋል፤
ትልቁ ከስንዝር ጥቂት ይረዝማል።
ሁሉም የአየርላንድ ናቸው፣ ሁሉም የናፍጣ፣
አንዱ በፖስታ፣ አንዱ በሰው እጅ የመጣ፣
ብርቱካንማ ጎን፣ ጥቁር ወገብ።

አገሩን አያውቀው። ዝናብ ይበዛዋል ሲሉ ሰምቷል።
ዝገቱን በመርፌ ጫፍ የቀባው ሰው ግን ይገርመዋል፤
"ይሄ ሰው" ይላል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
"ዘይት በየት እንደሚያልብ ያውቃል፣ ሞተር ስር ውሎ።"

"የሰው አገር ባቡር ምን ሊረባህ?" አለች ብርቄ፣
"ያከምከው፣ የድሬው እያለልህ?"
"እሱንማ ማን አሳንሶ ሠራው?
ቢኖር በጡረታዬ ባልገዛው!"
ጎረቤቱ ገላን፣ "ቀለም ቀባና የኛ አድርጋት" ቢለው
ተቆጣ፦
"ልጅ በጉዲፈቻ ይሰጣል። ባቡር ቁጥሩን አይጥልም።"

ሐዲድ የለውም።
ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ያሰምራል፤
ወለንጪቲ፣ አዳማ፣ ሞጆ ብሎ ይጽፋል፤
የነሱ ሐዲድ ሰፊ፣ የኛ ጠባብ ነበር እያለ
መስመሩን በምራቁ ያጠፋል፣ እንደገና ይስላል።
ከዚያ በአውራ ጣቱ ገፋ፣ በከንፈሩ አጓራ።

ትናንት ከአዳማ እንደወጣች ቆመች።
ሞጆ ላይ የሽሮ ሰሃን ነበር።
አንሺው አላለም። ሰዓቱን አየ፣ ጠበቀ።
ብርቄ በልታ፣ ጣቷን ልሳ፣ ሰሃኑን አነሣች፣
ጠረጴዛውን ወለወለች፣
ጠመኔው ጋ ስትደርስ ጨርቁን አዞረች።
ባቡሯም
አርባ ደቂቃ ዘግይታ፣ እንደ ድሮዋ፣
ያለ ይቅርታ ገባች።