ከቀለሙ ሥር

ሸዋ በር ነው ሱቄ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፤
ሰሌዳ ስጽፍ ነው የከረምኩት ዘመን።
መዋቅር ሲቀየር ደሴ ሲደነግጥ፣
ለኔ ግን እንጀራ ነው፣ ቀለም ልበጠብጥ።

መምሪያ ነው ሲሉኝ መምሪያ ብዬ ጻፍኩ፤
ጽሕፈት ቤት ሆነ አሉኝ፣ በነጭ ደመሰስኩ።
ሁለቱ ተዋህደው አንድ ሆኑ ሲባል፣
የተረፈው ቆርቆሮ የዶሮ ቤት ሆኗል።
በጥቅምት ዳግመኛ ተለያይተው ሲመጡ፣
ዶሮዎቹ በጧት ተባረው ወጡ።

ማኅተም ቀራጩ አሰን፣ የሱቅ ጎረቤቴ፣
«ይፍረስ፣ ደግሞ ይሠራ!» ይላል፣ በሞቴ!
ክቡን ቀርጾ ሳያልቅ፣ ጎማው ሳይበርድለት፣
«ስሙ ተለወጠ» ብለው መጡለት።

የኃላፊን ስምማ በዘይት ቀለም አልጽፍ፤
በጠመኔ ይበቃል፣ እስኪቀየር፣ እስኪያልፍ።
አቶ ይመር ሙሄ የውሃውን ትተው
ወደ ባህል ሄዱ፣ ሾፌራቸውን ይዘው፤
ከባህል ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ጤና፣
ዞረው ወደ ውሃው መጡ እንደገና።
«ምን ተምረው ነበር?» ብዬ አልኳት አንድ ዕለት፤
ዘምዘም ጸሐፊዋ አፏን ነካች በጣት፤
«መታመን ነው» አለች፣ «የእሳቸው ትምህርት።»

ልጄ ከድጃ ናት፣ በሒሳብ ተመርቃ፣
ስድስት ዓመት ሠራች ከፋይናንስ፣ ጠንቅቃ።
ባለፈው ሰኔ ላይ ድልድሉ ሲታወጅ፣
ሁሉም ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ ደጅ።
ፈተናው ሰባ እጅ፣ «አመለካከት» ሠላሳ፤
በሰባው አንደኛ፤ በሠላሳው ስሟ ተረሳ።

ዝርዝሩ ተለጠፈ፤ ጦሳ ጉሙን ለቆ፣
በስልክ መብራት አነበብን፣ ሰው ከሰው ተጣብቆ።
«ከድጃ አራጋው፦ ተጠባባቂ» ይላል።
ሰው መጋዘን ገብቶ እንደ ዕቃ ይውላል።
ወንበሯን ያገኘው፣ የአባልነት ቅጽ ሞልቶ፣
እሷኑ ይለምናል፣ ድምር ሲጠፋው መጥቶ።

«ተወው አባ» አለችኝ። እኔ ግን አልተውኩም፤
ቅሬታ ሰሚ ሄድኩ፤ ብሩሼን አልጣልኩም።
ሰውየው ሲያየኝ ሣቀ፤ አፌንም አልከፈትኩም፦
«ደህና መጣህ! ይህ ክፍል ታጥፏል፤ ስሙን አጥፋልን፤
‹ሪፎርም ክትትል› ብለህ ጻፍልን።»

ጻፍኩት።
የሱቅ ኪራይ ወሩን አስቆጠረ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ መሥመሬ አማረ።
ከዚያ ግቢ ሌላ ቀጥ ያለ ምን ነበረ?

በነሐሴ በረዶ ሰሌዳውን ደበደበ፤
ነጩ ተላጠና የታቹ ተነበበ።
ከ«ሪፎርም» ሥር «ቅሬታ»፣ ከዚያም ሥር «መምሪያ»፤
ከሁሉም በታች ግን የአባቴ ማስመሪያ፣
በእርሳስ የሠመራት፣ ያች ቀጭን መነሻ፣
በሌላ መንግሥት ቀን፣ በሌላ ብሩሻ።

አንድ ሰው ከኩታበር፣ ማመልከቻ በኪሱ፣
ቆሞ ያነብባል፣ ውሃ ጠጥቶ ልብሱ፤
«ከነዚህ የቱ ነው ዛሬ የሚሠራው?»
«መሰላሉን ያዝልኝ፤ ወጥቼ ልጥራው።»