ከራስ በላይ ነፋስ

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የራስ ቁሮች
ተቀምጠው ያዩኛል ልክ እንደ ዳኞች።
አንዱ ልሙጥ፣ ጭራም፣ ዓሣ የመሰለ፣
ነፋስን ሸንግሎ ያልፋል የተባለ፤
ሌላው አሮጌዬ፣ ቀዳዳው የበዛ፣
አምና ለአንዲት ንብ የሆነላት ታዛ።

አይራም ወረቀት ላይ ያሰላል፣ ይደምራል፦
«ልሙጡን ከደፋሽ አራት ደቂቃ ይተርፋል።»

ይተርፍ ይሆናል። ግን
ላንዛሮቴ ላይ፣ ከእሳተ ገሞራው ሥር፣
ጥቁሩ ድንጋይ ግሎ ሲንቀጠቀጥ አየር፣
በተከደነ ድስት የበሰለ ጭንቅላት
ደቂቃ ቢያተርፍ ምን ሊሠራበት?
መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከባሕር ስወጣ፤
ከዚያም ሩጫ አለ። ራሴን ይዤ ልምጣ።

መነጽሩስ?
ጥቁሩ ለቀትር፣ ጥርቱ ለማለዳ፣
ለጭጋጉ ቢጫው፤ ስንቱን ልሸከም ዕዳ?

አምና ነው፣ ወደ ሃሪያ በሚወስደው ቁልቁለት፣
ላቤ ጨው ሆኖ ቢጋርደኝ አወለቅሁት፣
ለአንድ ትንፋሽ ብቻ።
ከሰሃራ ተነሥታ፣ ባሕሩን ተሻግራ፣
አንዲት ፍሬ አሸዋ፣ ያን ሁሉ አገር ዞራ፣
ከዐይኔ ሌላ ማደሪያ አጣች።
ስልሳ ኪሎ ሜትር በአንድ ዐይን ነዳሁ፤
ግማሽ መንገድ፣ ግማሽ ሰማይ፣ ግማሽ ሰው እያየሁ።

ነርሷ ኒያራ ስታጥበኝ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣
«ተራራውን ጥለሽ ጉድፍ ጣለሽ?» አለች፣ ባትሪዋን አስጠግታ።

እንግዲህ አሮጌው። ለንቧ፣ ቀዳዳው ላይ
ስስ መረብ ሰፋሁበት። መነጽሩም ፀሐይ
ሲያይ የሚጠቁረው፣ ጉንጬን የሚያቅፈው፣
አፍንጫዬን ቢያሳክከኝም ያው እሱ ነው።

አይራም ከነአራት ደቂቃው ተኝቷል።
መስኮቱ ሲርገበገብ ውሻ ይነቃል።
ውጭ ያፏጫል፣ የነገው ጠላቴ፤
ከራስ በላይ ነፋስ!
ይግባ፣ ይውጣ በአናቴ።