የአራተኛው ወንበር ድምፅ

ሩሴ ከተማ ነው፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር ያለ ቤት፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከሰፊው መስኮት ፊት፣
አራት ወንበር አለ፣ አራት የደም ማጠቢያ፣
አንድ ቴሌቪዥን፣ ለአራታችን መጣያ።

ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ አራት አራት ሰዓት፣
ደማችን በቱቦ ወጥቶ፣ ታጥቦ እስኪገባ በትዕግሥት፣
እንከራከራለን፤
በልብ ወለድ፣ በፊልም፣ በተከታታይ ድራማ፣
አንዱ የወደደውን ሌላው እያማ።

ቶትካ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ፊልም የምትመዝነው በቁልፍ፣ በክር፤
"ጀግናው ሲያለቅስ አይቼ፣ ልቤ ሊሰበር ሲል፣ ልቤ ሲሸበር፣
ኮሌታው ላይ የመኪና ስፌት! በዚያ ዘመን መኪና የት ነበር?
ውሸቱን ነው፤ እንባውም የኪራይ ነው" ትላለች።
የወፍጮ ቤቱን ድራማ ግን፣ ባለ ሁለት መቶ ክፍሉን፣
ምራት አማቷን ስትመርዝ፣ አማት ስትቀያይር ብርጭቆውን፣
እሱን አትነኩባትም።
"እዚያ" ትላለች "ስፌቱ የእጅ ነው።"

ቦጎሚል ገና ሃያ ሦስቱ ነው፤ ስልክ አለው፣ የጆሮ ማዳመጫ፣
ሁሉን የሚያየው በእጥፍ ፍጥነት ነው፣ በሩጫ፤
መሳም በሁለት ሰከንድ፣ ቀብር በአራት።
"ምን ያስቸኩልሃል?" ብለው፣ ክንዱ ላይ ያለችውን መርፌ አየት
አደረገና ዝም አለ። ዳግም አልጠየቅሁት።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፤ የምወደው ረጅም ልብ ወለድ፣
ባቡሩ የሚዘገይበት፣ በረዶው ገጽ ሙሉ ሲወርድ ሲወርድ፣
ሰው በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ በቁልምጫውም የሚጠራበት፣
አምስተኛው ምዕራፍ ላይ "ይህ ደግሞ ማን ነበር?" የምልበት።

ኔደልቾ ግን፣ አርባ ዓመት የጭነት መርከብ የነዳው፣
አንዱንም አይወድልን። "ረዘመ" ነው መልሱ፣ ምንም ብናሳየው።
"መቶ ገጽ ስለ በረዶ! በረዶ ራሱ ዝም ብሎ ነው ሲወርድ፤
ያንተ ደራሲ ግን እንደ ውሻ ይጮኽበታል በየመንገድ።
ጥሩ ነገር የሚያልቅ ነገር ነው። ጥሩ ፊልም ደግሞ፣
ሰው የማይናገርበት፤ ውሃ፣ ጭስ፣ አንድ ሰው ቆሞ።"
ቶትካ ትስቃለች፤ "ይህማ ፊልም አይደለም፣ መስኮት ነው!"
እሱም፣ "ታዲያ መስኮት ምን አነሰው?"

ሕጉን ያወጣችው ነርሷ ናት፣ ዝድራቭካ፦
ድምፅ በእጅ ይሰጣል፣ መርፌ ያለበት እጅ እንዳይነካ፤
እኩል ከሆነ ድምፁ፣ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል።
እኩል ሆኖ አያውቅም። ሦስት ለአንድ፣ ኔደልቾ ይሸነፋል፣
ተሸንፎም ያያል፣ እያየም ያጉረመርማል፣
ግን (ይህን ያስተዋለች ቶትካ ናት)
የአማቲቱን ስም ያውቃል። የልጅ ልጇንም ስም ያውቃል።

አንድ ሐሙስ፣ ወንበሩ ላይ አዲስ አንሶላ ነበር፤
ያልተጨማደደ። እኛም አልጠየቅን፣ ነርሷም አልደፈረች መናገር።
ያ ሐሙስ የወፍጮ ቤቱ ድራማ የመጨረሻ ክፍል ነው።
"እንምረጥ" አለች ቶትካ፣ እጇን ወደ ላይ፤ ድምፅዋ ግን ወዲያ ነው።
እኔም አነሳሁ፣ ለእሷ ብዬ።
ቦጎሚል ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ፣
"እኔ እቃወማለሁ" አለ፤ ቀጥሎም ባዶውን ወንበር አይቶ፣
"የእሱስ ድምፅ?"

ማን ይዋሻል? የእሱን ድምፅ ማን አጣው?
ሁለት ለሁለት። ዝድራቭካ አጠፋችው።

የማሽኖቹ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሦስት ድምፅ፣ ከአራት።
ከዚያ በመስኮቱ አንድ የጭነት ጀልባ፣ አሸዋ የሞላበት፣
ወደ ቪዲን ሽቅብ፣ ወንዙን እየገፋ በዝግታ።
ጭስ። ውሃ። ከኋላ አንድ ሰው ቆሞ፣ ገመድ ይዞ፤ ለአንድ አፍታ
ወደ እኛ ያየ መሰለኝ።
ከመስኮቱ ቀኝ እስከ ግራው ሃያ ደቂቃ ፈጀ።
ያፈጠነው የለም። ቦጎሚልም እንኳ አየው በልኩ።
አማቲቱ ሞተች ዳነች፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩ።

ቶትካ ብቻ፣ ጀልባው ሊሰወር ሲል፣ ዓይኗን አጥብባ፣
"ያ ሰውዬ ኮቱን አልቆለፈም" አለች፣ "በዚህ ብርድ፣ በዚህ ካፊያ!"
"ከዚህ ይታይሻል?"
"አይ" አለች፣ "ክሩ ተበጥሶ ነው።
ቁልፉ ወድቆበት ነው።"