ደስታ መሰል

ሌሊት አሥር ሰዓት ስልኩ ሲንጫረር፣
የደቻቱ አሸዋ የትናንቱን ግለት ገና ያወጣ ነበር።
«የእንስሳት ጤና ነው?» አለች፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
ድምጿ እንደ አሮጌ ካሴት በነፋስ ተጎርዶ።
«ኡባህ ነኝ፣ የሮብሌ ልጅ፣ ከሁርሶ በታች።
ፍየሎቼ አፋቸው ቆስሎ ቅጠል እምቢ አሉ፤
አፍንጫቸው ታፈነ፣ ዓይናቸው በአር ተከደነ፣
ያረገዙት ጣሉ።»

ቅጹን ሳብኩት ወዲህ፣ እርሳሴን ቀረጽኩ፤
ስንት ታመመ? ስንት ሞተ? ብዬ ጠየቅኩ።
እሷ ቁጥር አልነበራትም።
«አዴይ ሞተች፣ መዶቦ ሞተች፣
ያቺ ቀንደ ሰባራዋም፣
ለልጄ ለእትብቷ የተሰጠችው።»
ቅጹ ላይ ለስም የሚሆን ሳጥን የለም፤
በኅዳጉ ጻፍኩት፣ አልሰረዝኩም።

እኛ ሦስት ቢሮ ነን፣ የድሬ፣ የሶማሌ፣ የኦሮሚያ፤
ሦስት ማኅተም፣ ሦስት ደብዳቤ።
ፍየል ግን ጠዋት ሁርሶ ይግጣል፣
መልካ ጀብዱ ይጠጣል፣
ቅዳሜ ከድሬ ከብት ተራ በገመድ ይቆማል።
በሽታውም አብሮት ይመጣል፤
ኬላው ላይ መታወቂያ የሚጠይቀው የለም።

ዶክተር ኢፍቱ ጋውኗን በቢጃማዋ ላይ ደርባ መጣች፣
ባንድ ጆሮዋ ሽኒሌን፣ በሌላው ሐረርን ይዛ።
«ደብዳቤው በመንገድ ላይ ነው» ይሏታል።
«አቦ፣ ደብዳቤው ይምጣ ይቅር!
እኔ የምፈልገው በረዶ ነው፣ በረዶ!»

ገበያውን ዘጋን። አረፋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።
ደላላው አብዱልፈታህ ሰንሰለቱን ይዞ ነቀነቀው፦
«የአረፋው በግ ከየት ይምጣ?
ልጆቼ የናንተን ወረቀት ይብሉ?»
እውነቱን ነው። መልስ አልነበረኝም።
ሰድቦኝ እስኪጨርስ ቆሜ ሰማሁት፣
ሲደክመው ውሃ ሰጠሁት።

ክትባቱ ከቢሾፍቱ ሲገባ መብራት ሄደ።
ፍሪጁ አላበው።
የስቶሩ ቁልፍ አቶ ጌጡ ኪስ፣
አቶ ጌጡ ሳቢያን፣ ለቅሶ ቤት፤
ባጃጅ ላክን። ቁልፉ ሲመጣ
መኪናችን ናፍጣ የላትም።

ያኔ ነው ጫት ትዝ ያለኝ።
ድሬ ላይ የማይዘገይ አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው።
ሙክታር አይሱዙውን ሳያጠፋ ሳቀብኝ፦
«ቅጠል ሳላጠወልግ ኤረር የምደርስ ሰውዬ፣
ያንቺ ብልቃጥ ምን አላት?»
ከከዚራ ጁስ ቤት በረዶ ለምነን፣ ሦስት ፌስታል፣
ሣጥኑን በሁለት እስር የአወዳይ ጫት መሃል
እንደ አራስ አስተኛው።
እኔ ኬላ በኬላ ደወልኩ፦
«ሰማያዊ አይሱዙ ነው፣ አታስቁሙት።»
«ጫት ነው አይደል?»
«አዎ» አልኩ፣ ወሬ ለማሳጠር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሞቱ ቆመ።
አራት ሺህ ሁለት መቶ ተከተበ።
ደብዳቤውም ደረሰ፣ ከነማኅተሙ።
«በቁጥጥር ሥር ውሏል» ብሎ ኃላፊው ሲያነብ
አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ።
ደስታ ይመስል ነበር።

ኡባህ ከስልሳ ሁለት አሥራ ዘጠኝ ቀርቷታል።
በጠራራ ፀሐይ ደወለች፤ ለክስ አይደለም።
«ገዳዬን በስሙ ልወቀው» አለች፣
«በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?»

ዝም አልኩ።
እንዴት ብዬ ልንገራት?
የጥንቶቹ ያን የከብት ፈጅ ደስታ ብለው ጠሩት፣
ምናልባት ስሙን ሰምቶ እንዲያፍር፣
ምናልባት ሲያወሩበት እንዳይነቃ፤
ይሄ የፍየሉ ደግሞ መልኩ እሱን ቢመስል
መዝገብ ላይ «ደስታ መሰል» ሆነ።
«መስመሩ ተቆራረጠ» አልኳት።
መስመሩ ጥርት ያለ ነበር፤
ፍየል ሲያስነጥስ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

ማታ ሪፖርቱን ገለበጥኩ።
ጸሐፊዋ ኅዳጉን አጽድታዋለች።
እርሳሴን ቀረጽኩና
አዴይ፣
መዶቦ፣
ቀንደ ሰባራዋ፣ የእትብቷ፣
ብዬ መልሼ ጻፍኳቸው፣ ከማኅተሙ ሥር።